ባለቤት ያጣው ግሥ

በዘመናችን ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚጠባበቅ ሰው፣ ጉዳዩ ቢሳካለትም ባይሳካለትም፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይማር ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ይኸውም «ፎሎ አፕ» የሚባለው ነው። ቀድሞ «ነገ ይመለሱ» ይባል የነበረው፣ ከዚያም «በሚመጣው ሳምንት ብቅ ይበሉ» ወደ መባል የተሻሻለው የስንብት ቃል፣ ዛሬ ማዕርጉ ከፍ ብሎና የባሕር ማዶ ካባ ደርቦ «ፎሎ አፕ ያድርጉ» ሆኗል።

የቃሉ መምጣት አያስደንቀኝም፤ እንግዳ ቃል መቀበል ለአማርኛ አዲስ ነገር አይደለምና። የሚያስደንቀኝ በሰው ላይ ያለው ሥልጣን ነው። በአማርኛ «ነገ ና» ቢሉት ፊቱን አጥቍሮና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስከ መቼ?» የሚል ሰው፣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲነግሩት ጉዳዩ ከመንገዱ እኩሌታ የደረሰ ይመስለውና፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፊት ተሰልፈን ሳለ፣ ከፊቴ የነበሩ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ያደረጉት ነገር ስለዚህ ቃል ከመዝገበ ቃላት ይልቅ አስተምሮኛል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማመልከቻቸውን ተቀብላ፣ ማኅተም አሳርፋ፣ ቍጥር ከጻፈችበት በኋላ ወረቀቱን ከክምሩ ላይ ጣል አደረገችና፣

«አባባ፣ ደብዳቤዎ ገቢ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ፎሎ አፕ ማድረግ ብቻ ነው» አለቻቸው።

«እሺ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ። እሳቸውስ ስንተኛው ክፍል ናቸው?»

«ማን አባባ?»

«እኒህ ፎሎ አፕ ያልሽኝ ሰውዬ።»

ልጅቷ ሣቋን በእጇ ስትሸፍን፣ ከሰልፉ መካከል የነበረ አንድ ተማሪ መሳይ ወጣት አዘነላቸውና፣ «አባባ፣ የሰው ስም አይደለም። ፎሎ ማለት መከተል ነው፤ አፕ ማለት ደግሞ ወደ ላይ ማለት ነው» ብሎ ተረጐመላቸው።

ሽማግሌው ደረጃውን ከሥር እስከ ላይ በዐይናቸው ለኩት። «እንዲያ በለኝ እንጂ!» አሉና፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን አስቀድመው፣ በየፎቁ እያረፉ ወደ ላይ ወጡ። መዝገቡ ያለው ምድር ቤት ነበር። እርሳቸው ግን ከመጨረሻው ፎቅ ደርሰው ከዋናው ሹም በር አጠገብ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሹሙም ለምሳ ሲወጡ አይተዋቸው፣ ነገሩን ጠይቀው፣ ወደ ምድር ቤት ስልክ አስደወሉ፤ ያ ከክምር ላይ የተጣለ ወረቀትም በዚያው ዕለት ፊርማ አግኝቶ ወረደ።

ወጣቱ በእንግሊዝኛ ሰዋስው በኩል ፈጽሞ ተሳስቶ ነበር፤ ሽማግሌው ግን በአገራቸው ጠባይ በኩል አልተሳሳቱም። በእንግሊዝ አገር «አፕ» የሚለው ቃል በዚህ ግሥ ውስጥ ከፍታን አያመለክትም። በእኛ መሥሪያ ቤት ግን ትርጓሜው ሁሉ ከዚያችው ቃል ላይ ነው፤ ወደ ላይ ያልወጣ ባለጉዳይ ታች ያለው መዝገብ አይነቃነቅለትምና።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የእንግሊዝኛውን ሥር ጥቂት እንቆፍር። እንግሊዞች አንድ ተራ ግሥ ይወስዱና ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል ይቀጥሉበታል፤ የእኛ የቅኔ ቤት መምህራን ቢያገኟት ከደቂቅ አገባብ ወገን የሚመድቧት ናት። ከሁለቱ ጋብቻም እናቱንም አባቱንም የማይመስል ሦስተኛ ትርጓሜ ይወለዳል። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቍረጥ ነው። «ፑት» ማኖር ነው፤ «ፑት ኦፍ» ቀጠሮ ማስተላለፍ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ችሎ መታገሥ ነው፤ የፊተኛው የጸሐፊው ሥራ፣ የኋለኛው የባለጉዳዩ ዕጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን የግሥ ወገን በአንድ ስም ጠርቶ «ፍሬዝል ቨርብ» በማለት እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመ መጽሐፉ ያስታወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘሁት ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሄንሪ ብራድሊ ነው ብሏል። ስለዚህ ግሦቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ክርስትና ስም ሲኖሩ ቆይተው በስተርጅና ተጠመቁ ማለት ነው።

የ«አፕ»ን ምሥጢር የፈለገ ግን ከሰማይ ሳይሆን ከማዕድ ይጀምር። «ኢት» መብላት ነው፤ «ኢት አፕ» ሙልጭ አድርጎ መብላት ነው። «ድሪንክ» መጠጣት ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት ነው። እንግዲያስ በዚህ ሥፍራ «አፕ» ማለት ሥራውን ከፍጻሜው ማድረስ፣ ከብርሌው ሥር አምቡላ እንጂ ጠጅ አለማስቀረት ነው። «ፎሎ አፕ»ም እንዲሁ አንድን ነገር እስከ መጨረሻው መከተል ማለት ይሆናል።

ነገር ግን የሚከተለው ማን ነው? የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። እንግሊዛዊው አዳኝ ጎሽ አቍስሎ ጎሹ ከጫካ ቢገባበት፣ ደሙን አይቶ እስከ ጥሻው ድረስ ገብቶ መጨረስ ግዴታው ነው፤ ይህንንም «ፎሎ አፕ» ይለዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የአሜሪካ ነጋዴዎች፣ ዋጋ ጠይቆ ዝም ላለ ደንበኛ ደጋግመው የሚልኩትን ደብዳቤ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር፤ ደንበኛው እቤቱ ተቀምጦ ሲያነብ ነጋዴው ነበር የሚደክመው። ከሁለቱም እንደምንረዳው፣ የሚከተለው ነገሩን የጀመረው ነው፤ የተኰሰው ይከተላል እንጂ ጎሹ ቍስሉን ይዞ አዳኙን አይፈልግም።

የእኛ ቋንቋ ይህን ሐሳብ ለመግለጥ ሌላ ጥበብ አለው። እንግሊዝ ከግሡ ኋላ ጭራ ሲቀጥልበት፣ አማርኛ የግሡን ሆድ ከፍቶ ፊደል ይደጋግምበታል፤ «ተከተለ» የነበረው «ተከታተለ» ይሆናል፣ ከዚያም «ክትትል» የሚባል ስም ይወጣል። ፊደሉ ራሱ ሁለት ጊዜ መመላለሱን ያየ ሰው፣ ይህን ቃል ያወጡት አባቶች መዝገብ ቤት ሳይኖር የመዝገብ ቤትን ጠባይ አስቀድመው በመንፈስ ያዩ ይመስለዋል።

በእንግሊዝኛው አስቸጋሪነት ስንስቅም የራሳችንን እንዳንረሳ ያስፈልጋል። አማርኛ ሊማር የመጣ የባሕር ማዶ ሰው «አለ» ማለት ተናገረ ማለት መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰውየው ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ጋደም አለ ሲሉት፣ ሳይቀመጥና ሳይነሣ ተናግሮ ብቻ የሚውል ሕዝብ መካከል የገባ ይመስለዋል፤ በመጨረሻም «ዝም አለ» ሲሉት «ዝም ካለ እንዴት አለ?» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። እያንዳንዱ ቋንቋ ለባዕድ ሰው የሚያቆየው የራሱ እሾህ አለው።

ከእንግሊዞች መካከል የገዛ ቋንቋቸውን እሾህ አይተው ካመኑት ሰዎች አንዱ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው በታላቁ መዝገበ ቃላቱ መቅድም ላይ፣ ባዕዳንን እጅግ የሚያስቸግራቸው ይህ የግሥና የንዑስ ቃል ጋብቻ መሆኑን ተናግሮ፣ ስለዚህም በልዩ ትጋት እንደ ሰበሰበው አስታውቋል።

ይህ ሰው ለእኛ ፈጽሞ ባዳ አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1735 የታተመው፣ የፖርቱጋላዊው የኢየሱሳዊው የአባ ጀሮኒሞ ሎቦ የሐበሻ ጉዞ ትርጕም ነበር፤ በ1759ም የአቢሲኒያውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ ደረሰ፤ ይህንኑ መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ወደ አማርኛ መልሶታል። አገራችንን በእግሩ ሳይረግጥ በብዕሩ የዞራት ሰው እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ወደ እኛ የሚያቀርበው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጆንሰን ደጅ ጠኚ ነበር። የመዝገበ ቃላቱን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1747 ጽፎ ለሎርድ ቼስተርፊልድ አቅርቦ፣ መኰንኑ ይረዳኛል ብሎ በውጭኛው ክፍል ሲጠብቅና ከበር ሲመለስ ከቆየ በኋላ፣ ሥራውን በላቡ ጨረሰ። መጽሐፉ ሊወጣ ሲቃረብ መኰንኑ በጋዜጣ ላይ የምስጋና ጽሑፍ ቢያወጣለት፣ ጆንሰን ከደጁ ከተመለሰ ሰባት ዓመት ማለፉን አስታውሶ፣ እርዳታህ የዘገየ ስለ ሆነ አያስፈልገኝም የሚል ደብዳቤ ላከለት። በመዝገበ ቃላቱም ውስጥ «ባለውለታ ጌታ» ለሚባለው ቃል ትርጓሜ ሲሰጥ፣ ብዙውን ጊዜ በትዕቢት የሚረዳና በውዳሴ ከንቱ የሚከፈለው ወራዳ ሰው ነው በማለት ቂሙን ለትውልድ አስቀመጠ። መዝገበ ቃላት የሚጽፍ ሰው ማስቀየም እንዴት አደገኛ እንደ ሆነ ሹማምንት ሁሉ ከዚህ ይማሩ።

ደጅ ጥናት በእኛ አገር ሥርዓትና ወግ የነበረው ነገር ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ ስንቁን ቋጥሮ የመጣ ባላገር፣ ከጌታው ግቢ ፊት ሲውል ከርሞ፣ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ እጅ ነሥቶ፣ ሲመለሱ እጅ ነሥቶ፣ ፊቱ እስኪለመድ ድረስ ይቆያል። አንድ ቀን «ያ ሰውዬ ማን ነው?» የተባለ እንደ ሆነ የአንድ ክረምት ድካም ፍሬ አፈራ ማለት ነው። መከራው ብዙ ቢሆንም ስሙ ግን እውነተኛ ነበር፤ ደጅ የሚጠናው ባለጉዳዩ መሆኑን ቃሉ አልደበቀም፣ ጌታውም «እኔ እከታተልልሃለሁ» ብሎ አላታለለም።

በሉቃስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ የተጻፈችው መበለትም የዚሁ ማኅበር አባል ናት። ፈሪሃ እግዚአብሔርም ይሉኝታም ያልነበረው ዳኛ፣ ፍርድ የሰጣት ጽድቅን ወዶ ሳይሆን ከመመላለሷ የተነሣ መሰልቸቱን ለማራቅ ነበር። ሊቃውንቱ ይህ ምሳሌ ሳይታክቱ ስለ መጸለይ የተነገረ ነው ብለው ያስተምራሉ፤ እኛ ግን ስለ ማኅተም እንደ ተነገረ አድርገን ተርጕመነዋል። መቼም ዳኛው ክፉ መሆኑን ወንጌሉ ሳይሸሽግ ሲነግረን፣ የዛሬው ዳኛ «ፎሎ አፕ ያድርጉ» ስላለ ብቻ ትሑት አገልጋይ መስሎ ይታያል።

ይህ ቃል ፍጹም ዜግነት ያገኘው ግን በሆስፒታል ነው። የስኳር በሽተኛው፣ የደም ግፊት ያለበቱ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሁሉም ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ «ሐሙስ ፎሎ አፕ አለብኝ» ይላል። «አለብኝ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ሰው «አለብኝ» የሚለው ዕዳ ሲኖርበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሴት ቀድሞ 4 ጊዜ ይባል የነበረው ቀርቶ ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ መክሯል። ምክሩ መልካም ነው፤ ሆኖም በእኛ ዘንድ ስምንት ጊዜ በንጋት ተነሥታ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ ከካርድ ክፍል ፊት የምትሰለፈው እርሷው ስለ ሆነች፣ ሐኪሙ ነፍሰ ጡሯን ሳይሆን ነፍሰ ጡሯ ሐኪሙን ስትከታተል ዘጠኝ ወሯ ይሞላል።

በዚህ ረገድ የሳንባ ነቀርሳ ሐኪሞች የሠሩት አንድ የስም ለውጥ ሊጠቀስ ይገባዋል። መድኃኒቱን ለ2 ተከታታይ ወራት ወይም ከዚያ በላይ ያቋረጠ በሽተኛ ቀድሞ በእንግሊዝኛ የሚመዘገብበት ቃል «ዲፎልት» ይባል ነበር፤ ይህም ብድሩን ሳይከፍል ለሚቀር ባለዕዳ የሚነገር ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ሽሮ «ሎስት ቱ ፎሎ አፕ» አለው፤ ከክትትል የጠፋ ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ ስም ቢለወጥ፣ ባለዕዳ የነበረው በሽተኛ የሚፈለግ ሰው ሆነ፤ የጠፋን ሰው ደግሞ የሚፈልግ ያስፈልገዋልና ሥራው ወደ ሐኪሙ ቤት ተመለሰ።

ግሡን በእውነተኛ ባለቤቱ ሲነገር ለማየት የፈለገ ወደ ገጠር ቀበሌ ይውረድ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት ሴቶች፣ ከጤና ኬላቸው ወጥተው፣ መዝገባቸውን በክንዳቸው አቅፈው፣ ከደጅ ቆመው ይጣራሉ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ደግሞ መጣሽ?»

«መጣሁ እንጂ። የልጁ የ9 ወር ክትባት ቀረ እኮ!»

«ገበያ ይዞኝ ነው፤ ነገ አመጣዋለሁ።»

«ባያመጡት ነገ እኔ እመጣለሁ።»

ይህች ልጅ «ፎሎ አፕ» የሚለውን ቃል በሥልጠና ሰምታው ይሆናል፤ ዳገቱን የምትወጣው እርሷ እስከ ሆነች ድረስ ግን በምን ቃል ብትጠራው ግድ የለንም። ከእርሷም ጋር የነፍስ አባት ሊታሰቡ ይገባቸዋል፤ ጠበል ለመርጨት ብቅ ባሉ ቁጥር፣ ልጃቸው ከቅዳሴ መቅረቱንና ጾም መግደፉን ሳይረሱ የሚጠይቁት፣ ማንም ሳያስታውሳቸው ነው።

ደግሞ ሐሰት እንዳይሆንብኝ፣ ከመሥሪያ ቤትም ወገን እውነተኛ ክትትል የሚያደርግ አለ፤ ግብር ሰብሳቢው። እርሱ ባለጉዳዩን ከቤቱ ድረስ መጥቶ ይጠይቃል፣ ቀኑን ያስታውሳል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። የዕቁብ ዳኛም እንዲሁ ነው፤ ዕጣ ከወጣለት በኋላ እግሩ ያጠረ ዕቁብተኛ ቢኖር ሰፈር ለሰፈር ተከታትሎ ያገኘዋል። ከዚህም የምንረዳው መከታተል ያልቻለ ሰው አለመኖሩን ነው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ሁሉም ጥቅሙ ወዳለበት ይከተላል።

አሁን ወደ ሰዋስው ልመለስና ነገሬን ልፈጽም። በአማርኛ ሰዋስው ሥራውን የሚሠራው «ባለቤት» ይባላል፤ ሥራው የሚደርስበት «ተሳቢ» ይባላል። ግሡ ገቢር ሲሆን ባለቤቱ በግልጥ ይታወቃል፤ ተገብሮ ሲሆን ግን ሠሪው ይሰወርና የተሠራው ብቻ ይቀራል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሁሉ በተገብሮ የሚጻፍበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጉባኤው ከረፋድ እስከ ቀትር ተከራክሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ከፍጻሜው ሲደርስ «ጉዳዩ ክትትል ይደረግበታል» ብሎ ይፈርማል። ማን ይከታተላል? ጸሐፊው ሊቀ መንበሩን ያያል፣ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ እንደ ገና ቢነሣ ውሳኔው ተሻሽሎ «ክትትሉ ተጠናክሮ ይቀጥላል» ይባላል፤ ያልጀመረ ነገር እንዴት ተጠናክሮ እንደሚቀጥል የሚጠይቅ ሰው በስብሰባ ላይ አይጋበዝም።

እንዲህ ባለቤቱን ያጣ ግሥ በመንገድ ሲንከራተት ያገኘው ባለጉዳዩ ነው። ምስኪኑ ተሳቢ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ግን ሳይጠይቅ ባለቤት ሆኖ፣ ግሡን ከነጭራው ተሸክሞ ይወጣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከእንግዲህ ወዲያ «ፎሎ አፕ» የሚል ቃል ከመስኮት በስተኋላ ሲነገርህ፣ ባርኔጣህን ሳታነሣና ሳታመሰግን በፊት፣ በትሕትና «የግሡ ባለቤት ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «እኔ ነኝ» የሚል ከሆነ ስሙን ጻፍና በደኅና ወደ ቤትህ ግባ። «እርስዎ ነዎት» የሚል ከሆነ ግን፣ የሚያስፈልግህ የሰዋስው መምህር ሳይሆን ጫማ ሰፊ ነው።